የጋሼ ሰይድ ሁለት ነጥብ

ሰው ሠርግ ሳይጠራ ቢቀር ይችለዋል። «ረስተውኝ ይሆናል፤ ደግሞስ በዚህ ሙቀት ማን ይሄዳል?» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ተጠርቶ ስሙ ከጥሪው ላይ ቢቀር ግን፣ ልብ በሉ፣ ተጠርቶ ነው የምላችሁ፣ ያ ሰው ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ነገር አገኘ ማለት ነው። ርስት ያጣ ሰው ሞልቷል፤ ቂም ያጣ ግን አይቼ አላውቅም። እኔ ሰመራ ላይ ባለችኝ አንዲት ክፍል ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ላሚኔሽን እሠራለሁ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዌብሳይት እሠራለሁ ብዬ በሩ ላይ ለጥፌአለሁ። በዚች ክፍል ውስጥ ስንት የሠርግ ጥሪ ጽፌአለሁ። የሙሽራዋን ስም ተሳስቼ ይቅርታ የተደረገልኝ ጊዜ አለ። የአጎቷን ስም ተሳስቶ ይቅር የተባለ ሰው ካለ ግን እባካችሁ ንገሩኝ፣ ሄጄ እጁን ልሳም።

ይህን ያስወራኝ የጋሼ ሰይድ ልጅ የዘሀራ ሠርግ ነው።

ጋሼ ሰይድ የዱብቲ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ የወረዱት ለጥጥ ለቀማ ነበር፤ ማሳ ሳይገቡ ግን የእጅ ጽሕፈታቸው ታየና እርሻው ቢሮ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ፊት አስቀመጧቸው። ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ ወንበር አልተነሡም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነጥብ ጥዬ አላውቅም ይላሉ፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ምክንያቱም ጋሼ ሰይድ እስከ ዛሬ ድረስ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ወጣት አንባቢዬ፣ ላንተ ላስረዳህ፦ ድሮ አማርኛ ሲጻፍ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ አይተውም ነበር። ይቺን ፡ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ቦታው ተርፎን ነው መሰል ባዶውን እናልፈዋለን። ጋሼ ሰይድ ይህን ሲያዩ ያማቸዋል። «ያለ ሁለት ነጥብ የተጻፈ አማርኛ» ይላሉ፣ «ምልክት የሌለው ከብት ነው፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም።»

ታዲያ እኒህ ነጥብ የማይጥሉ ሰው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ምን ቢጥሉ ጥሩ ነው? የሚስታቸውን ወንድም። አቶ ይማም ይባላሉ፤ ሎጊያ ተቀምጠው የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ መኪና የሚያመላልሱ፣ ድምፃቸው ከመኪናቸው ጥሩምባ የማያንስ ሾፌር ናቸው። ለዚያ ሠርግ በሬውን የገዙት እሳቸው፣ ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው፣ ካርዱ ላይ ስማቸው የሌለው እሳቸው። ጋሼ ሰይድ በእጃቸው የጻፉት ካርድ ነበር። አንዲት መስመር ተዘለለች፣ በቃ። አቶ ይማም ካርዱን ከፊት ከኋላ አገላብጠው አዩት፣ ሥጋውን ሳይቀምሱ መኪናቸውን አስነሡ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ከጋሼ ሰይድ ጋር አይነጋገሩም። ዱብቲና ሎጊያ በሚኒባስ የት ድረስ ይራራቃሉ? አራት ዓመት።

አሁን ተራው የታናሿ የዘሀራ ሆነ። ዘሀራ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ አጎቴ ምስክር ሆኖ ካልተቀመጠ ኒካሁ አይታሰርም። ለአቶ ይማም ሽማግሌ ተላከ። የመጣው መልስ ደግሞ የዘሀራን ያህል አጭር ነበር። «ስሜን ካየሁ እመጣለሁ።»

እንግዲህ እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። የዘመዶቻቸው ግማሽ ሾፌር ስለሆነ ካርድ ለማደል መንገድ ለመንገድ መሮጥ ሊኖር ነው። «ዌብሳይት እናድርገዋ» አልኩ። ሊንኩን በስልክ መላክ ነው፤ ሰው ጅቡቲ ይሁን ሞጆ ይከፍተዋል። ሐሳቡ ተወደደልኝ። ጋሼ ሰይድም ጽሑፉን በወረቀት ጽፈው አመጡ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ! እንግዳ ይቀድማል ብለው የሙሽራውን ወገን ከፊት ስላደረጉ «በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ነዋሪ የሆኑት የተከበሩ ሐጂ ኡመር» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሐጂ ኡመር ወንድሞች አሉ፣ የሙሽራው አክስቶች አሉ፣ የእናት ወገን የአባት ወገን አለ፤ አማርኛ ደግሞ እንደምታውቁት ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። አዋሽ የተነሣው ዐረፍተ ነገር ገዋኔ ላይ ያንቀላፋል፣ ሚሌ ላይ ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ «በሙሽሪት አጎት በአቶ ይማም ምስክርነት በሰመራ ከተማ ይፈጸማል» ብሎ ግሡን ያራግፋል። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። አንድም ነጥብ እንዳትጥል ብለውኛል።

ይህን ለኮምፒውተር መስኮት ተውኩት፤ ሰፊ ስለሆነ ይችለዋል። ለስልክ ግን ሌላ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ፦ ሠርግ፣ እሁድ፣ ከዙህር በኋላ፣ ሰመራ። በትልልቅ ፊደል። ገጹ የቱን ማሳየት እንዳለበት የሚያውቀው በአንዲት መስመር ነው። ሚዲያ ኩዌሪ ትባላለች። ሥራዋ የተከፈተችበትን መስኮት «ወርድህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሳይለካህ እንደማይቆርጥልህ። ከስድስት መቶ ፒክስል (የመስኮት መለኪያ ነው) በታች ከሆነ ረጅሙ ይደበቅ፣ አጭሩ ይውጣ። ከዚያ በላይ ከሆነ የጋሼ ሰይድ ይውጣ። ስለ አጭሩ ለጋሼ ሰይድ አልነገርኳቸውም። አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት።

መጀመሪያ የጻፍኩት አራት መቶ ሰማንያ ብዬ ነበር። የጋሼ ሰይድን ሁለት ነጥቦች አንድ በአንድ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ላቤ በክርኔ እየወረደ፣ ትላልቅ ስልኮች ትዝ አሉኝና ወደዚያች መስመር ተመልሼ ቁጥሩን ከነነጥቡ አጥፍቼ ስድስት መቶ አልኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩት፣ ያምራል። ስልክ ላይ ልየው ወይ? ምን ሲደረግ። እኔ እኮ ባለሙያ ነኝ። «እኔ ጋ ይሠራል» የምትል ዐረፍተ ነገር አለችን እኛ ባለሙያዎች፤ ሐኪም «እኔን አላመመኝም» እንደሚለው ማለት ናት። ሊንኩን ለሁሉም ላክሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሰይድ ስልካቸውን በጆሮአቸው ለጥፈው ወደ ክፍሌ ገቡ። ከወዲያ በኩል ያሉት የሙሽራው አባት ሐጂ ኡመር ናቸው፤ ከአዋሽ። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል።

«ሰይድ ወንድሜ፣ እንግዶችህ ደጄ ላይ ናቸው። አራት መኪና ከነተሳቢው። ልናግዝ አንድ ቀን ቀድመን መጣን እያሉ ነው። ሠርጉ ወደ እኔ ዞሯል እንዴ? ኧረ ንገረኝ፣ በሬ ልግዛ?»

ከነገሩ ውስጥ በሬው ነው ያሳቀኝ።  ስልኬን አውጥቼ ገጹን ስከፍተው አጭሩ የለም። ትልልቁ ፊደል የለም። ጢንጥዬ በሆነ ፊደል «በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ» ብሎ የሚጀምር የጋሼ ሰይድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አለ፤ ከአናቱ ላይ «የሠርግ ጥሪ፣ እሁድ» ይላል። ሾፌሮቹ ይህን አይተው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ማን ይፈርድባቸዋል? እናንተስ የመጨረሻውን የሠርግ ጥሪ እስከ ግሡ አንብባችኋል? አዋሽ የሚል አዩ፣ አዋሽ መንገዳቸው ነው፣ ሄዱ።

ጋሼ ሰይድ ግን የሾፌሮቹ ነገር አላስጨነቃቸውም። ወንበሬ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና «ይማም ሞጆ ነው» አሉ። «ዛሬ ነው የሚነሣው።»

ገባኝ። ከሞጆ ለሚመጣ ሰው አዋሽ ይቀድማል። አቶ ይማም አዋሽ ይቆማሉ፣ ድንኳን ይፈልጋሉ፣ ድንኳን የለም። አራት ዓመት ያኮረፈ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው» አይልም። «አላገጡብኝ» ነው የሚለው። ስንደውልላቸው ስልካቸው ዝግ ነው። ደግመን ደወልን፤ ዝግ ነው።

«የመጀመሪያውን እኔ በእጄ ጣልኩት» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ነጥብ የማልጥለው ሰውዬ ሰው ጣልኩ። ይኸው ሁለተኛ። ይሄ እስከ አኺራ ኩርፊያ ነው ልጄ።» ዓይናቸው ውኃ ሞላ። እኔም እውነቱን ለመናገር ከዚያን ሰዓት በፊት ስለ ሥራዬ አፍሬ አላውቅም ነበር።

ወደ ሥራ ገባሁ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምጠቀምበት አንድ ላይብረሪ አለኝ። መጻሕፍት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የማላውቀው ሰው የሆነ አገር ተቀምጦ ጽፎ ለሁላችን የተወው የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። ሥራው ሚዲያ ኩዌሪን መተንተን ነው፤ ድሮ የሰዋስው አስተማሪያችን ዐረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ባለቤቱ ይህ፣ ተሳቢው ይህ፣ ግሡ ይህ እንደሚለው ሁሉ፣ ይሄም መስመሯን ተቀብሎ ዓይነቷ ይህ፣ የምትለካው ይህ፣ መጠኗ ይህ ብሎ በትኖ ያሳያል። መስመሬን ሰጠሁት። መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ ኖት ኦል። ሲተረጎም «ለማንም አይደለም»።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። እናንተ ያልገባችሁን ነገር ምን ታደርጉታላችሁ? ትጠይቃላችሁ። እዚህ አገር ሁለት የአፋር ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይቀባበላሉ፤ ምን ሰማህ፣ ምን አየህ፣ ከማን ሰማህ ተባብለው ነገሩ እስኪጠራ አይነሡም። ይሄ ግን ካልገባው አይጠይቅህም። «ምን ማለትህ ነው ወንድሜ?» አይልም። ለማንም አይደለም ይልና መስኮቱን ይዘጋል። በየቢሮው እንዲህ ያሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ይሆናል፤ እነሱ እንኳ «ነገ ና» ይላሉ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«ሚዲያው ላይ ያለው ጥያቄ ነው የተበላሸው ጋሼ።»

«ያረቢ! ጋዜጠኛም ሰማ?»

ጋዜጠኛ እንዳልሰማ አስረድቼ መስመሯን ደጋግሜ አነበብኩ። ፊደሉ ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ቅንፉ ልክ ነው። ላይብረሪውን ሰደብኩት፣ ያልታወቀውን ደራሲውን ሰደብኩት፣ ቬንቲሌተሩን ሰደብኩት። ዙህር አለፈ። ጋሼ ሰይድ ሰግደው ተመልሰው ከኋላዬ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አጎነበሱ። መስመሯን በየፊደሉ ተከተሏት። ከዚያ ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ የኔ ናት።»

«ምኗ?»

«ሁለት ነጥቧ። የሌሎቹ የፈረንጅ ናቸው፣ ጠበብ ጠበብ ያሉ። ይቺ የኛ ናት። ምን ልታደርግ ገባች?»

አያችሁልኝ? ፈረንጅ በቃሉና በቁጥሩ መካከል የሚያደርጋት ይቺን : ናት። እኔ ቁጥሩን ስቀይር ኪቦርዴ ገና አማርኛ ላይ ነበርና ያደረግኳት ይቺን ፡ ነው። ለእኔ መንታ ናቸው። ለላይብረሪው ግን ሁለተኛዋ ከነጭራሹ ነጥብ አይደለችም፤ የማያውቃት የሩቅ አገር ፊደል ናት። ስለዚህ ከጎኗ ካለው ቃል ጋር አጣብቆ አንድ ስም አደረጋትና እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም አለ። አባቶቻችን ቃልን ከቃል እንድትለይ የሠሯት ነጥብ ቃል ስታጣብቅ ዋለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው። ጃቫስክሪፕት ያልቻለውን፣ ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ፊት የተቀመጠ ዓይን አገኘው።

«እና ይማምን ያስቀረችው የኔው ነጥብ ናት?» አሉ። 

ነጥቧን ቀየርኩ። ስልኬ ላይ ሰመራ የሚለው ትልቅ ሆኖ ብቅ አለ። ለሁሉም «ገጹን እንደገና ክፈቱት» ብለን ላክን፣ የአዋሾቹ ሾፌሮች እየሳቁ ዞሩ፣ ሐጂ ኡመርም በሬው ቀረላቸውና አንድ ሰው መንገድ ዳር አቁመው የአቶ ይማምን መኪና እንዲጠብቅ አደረጉ። እስከ መግሪብ ሶላት የአቶ ይማም መኪና አልታየም። ስልካቸውም አልተከፈተም። ጋሼ ሰይድ ወደ ዱብቲ ሲመለሱ «በሕይወት ይኑር እንጂ ኩርፊያውስ ይሁን» አሉኝ።

እሁድ ወደ ድንኳኑ የሄድኩት እግሬን እየጎተትኩ ነው። ዘሀራ አጎቷ ካልመጣ ኒካሁ አይታሰርም ያለችው ቃል በጆሮዬ እያቃጨለ ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ከፊት፣ ምስክር በሚቀመጥበት ቦታ፣ በነጭ ጀለቢያ፣ አቶ ይማም!

ማንም ሳይደርስ ነው የደረሱት። አዋሽን ቅዳሜ ረፋድ፣ የሐጂ ኡመር ሰው መንገድ ዳር ሳይቆም፣ ዞር ብለው ሳያዩ አልፈዋታል። ጋሼ ሰይድ «ሰመራ መሆኑን በምን አወቅህ?» ሲሏቸው፣ አቶ ይማም በዚያ ድምፃቸው እንዲህ አሉ።

«አነበብኩታ! ሦስት ጊዜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ስሜን ስፈልግ ነዋ። አንተ ሰይድ ደግሞ ከመጨረሻ ወሽቀኸኛል፤ ቢሆንም አለ። ሰመራም አጠገቡ አለ።»

«ስልክህስ?»

«አጠፋሁት። እዚህ ስደርስ ለሰው እንዳሳየው ባትሪ ይኑረው ብዬ።»

ተቃቀፉ። አራት ዓመት ሙሉ ያልተነካካ ትከሻ ለትከሻ ተነካካ። እኔ በሐሳቤ ቤት ደርሼ ተኝቻለሁ። ነገሩ ግን አላለቀም። ከአቶ ይማም አጠገብ የተቀመጡ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ እንደ ወጉ ምን ሰማህ፣ ምን አየህ ብለው ጀመሩ። አቶ ይማም የጠበቁት ይህን ነበር። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አበሩት፣ ገጹን ከፈቱና «ይኸው ስሜ» ብለው ዘረጉት።

ሠርግ፣ እሁድ፣ ከዙህር በኋላ፣ ሰመራ።

አቶ ይማም ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አራቁት። ከፊት ከኋላ አገላበጡት፣ እንደዚያ ካርድ።  «ሰረዛችሁኝ?» አሉ። «ከመጣሁ በኋላ ሰረዛችሁኝ?»

ያኔ ነው የሠራሁትን ነገር ከነሙሉ ቁመቱ ያየሁት። ለስልክ ያዘጋጀሁት ያ ጎበዝ አጭር ጽሑፍ የማንም ስም የለበትም። መስመሯ ከመጀመሪያው በትክክል ሠርታ ቢሆን ኖሮ አቶ ይማም ሞጆ ላይ ስልካቸውን ከፍተው ስማቸውን ፈልገው ያጡት ነበር፤ እንኳን ሰመራ፣ አዋሽም አይደርሱም ነበር። ሠርጉን ያዳነው ስህተቴ ነው። ያስተካከልኩት ነገር ደግሞ ይኸው ሊያፈርሰው ነው። ሁሉም ሰው ወደ ጋሼ ሰይድ አየ፣ ጋሼ ሰይድ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ የማየው ሰው አጣሁ።

ስድስት መቶ! ወርድ ነው የምትጠይቀው!

ሰው እየረገጥኩ ሄጄ በጉልበቴ ወደቅሁና «አቶ ይማም፣ በአላህ፣ አጋድመው ይያዙት» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ስልኩን። እንዲህ፣ በጎኑ።»

ገረመሙኝ። አጋደሙት። የስልኩ ወርድ ከስድስት መቶ አለፈና ረጅሙ የጋሼ ሰይድ ዐረፍተ ነገር ከነሁለት ነጥቦቹ ከአዋሽ ተነሥቶ ተዘረጋ። አቶ ይማም በአውራ ጣታቸው ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ሄዱ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አለሁ!» አሉ፣ ድንኳኑ ሸራው እስኪነቃነቅ። ሁመድም እስከ ግሡ ሳያቋርጡ አስነብበው ሰሙት፤ ዳጉ የለመደ ሰው መሐል ላይ አያቆምም። ኒካሁ ታሰረ።

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይላል ያገሬ ሰው። የአቶ ይማምን ግን የሚቀማ የለም። እኔ በማግስቱ ስማቸውን አጭሩም ላይ ጨምሬ፣ አሁን ቀጥ አድርገው ቢይዙትም ይታያል ብዬ ደወልኩላቸው። «ይቅርብኝ» አሉኝ። «ባጋደምኩት ቁጥር አለሁ።» እና ሎጊያ ላይ፣ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ሲደወልለት እንኳ ስልኩን እንደ ትሪ አጋድሞ ጆሮው ሥር ይዞ የሚጮህ ሾፌር ካያችሁ እሳቸው ናቸው። ቀጥ ያድርጉት እንዳትሏቸው።